እውነተኛ ስህተት

«እውነተኛ ስህተት» ሲባል ጆሮ ቅር ይለዋል። ስህተት ደግሞ እንዴት ብሎ እውነተኛ ይሆናል? እኔም እንዲያ እል ነበር፤ የአጎቴ የቡና ቆርቆሮ ጣጣ ውስጥ እስኪያስገባኝ ድረስ።

አጎቴ ዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበር። በኪሱ የምትተርፈውን የሊንከን መልክ ያለባትን ቀይ ሳንቲም በቆርቆሮ ሲያጠራቅም ኖሮ፣ ለእረፍት ሲመጣ «ተጫወትበት» ብሎ ሰጠኝ። ከመካከላቸው አንዷ፣ የ1972ቷ፣ ቁጥሯ ድርብ ሆኖ ታየኝ። ሳንቲም የሚሰበስብ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ገና ሲያያት ልቡ ተሰቀለ፤ በዋጋ ተስማማን፤ ግማሹን እዚያው ቆጥሮ ሰጠኝ። እኔም በላሁት።

ድርብ ሳንቲም ምን እንደሆነች ላስረዳ። ሳንቲም የሚመታበት የብረት ማኅተም ራሱ መልኩን የሚያገኘው ከሌላ እናት ማኅተም ነው። በዚያን ዘመን አንድ ጊዜ ተጭኖ አይበቃውም ነበር፤ ብረቱ ስለሚጠጥር በእሳት አለስልሰው ዳግመኛ ይጫኑታል። ታዲያ በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ዞር ካለ ፊደሉና ቁጥሩ ማኅተሙ ላይ ድርብ ሆኖ ይቀረጻል። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ማኅተም የምትወጣ ሳንቲም ሁሉ ድርብ ናት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 በፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ስህተቱ እዚያው ታውቆ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳንቲሞቹ ከደኅናዎቹ ጋር ተደባልቀው ስለነበር ከ20,000 በላይ የሚሆኑት ወደ ገበያ ተለቀቁ። ብዙዎቹን ያገኙት አጫሾች ናቸው። ሲጋራ በመሸጫ ሣጥን 23 ሳንቲም ሲሆን፣ 25 ለሚከፍል ሰው ሁለት ሳንቲም መልስ ከፓኮው ጋር ታሽጎ ይወጣ ነበርና። (ሲጋራ ሰው የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) ዛሬ አንዷ ከሺህ ዶላር በላይ ታወጣለች።

ሐሰተኛዋስ? የእርሷ ማኅተም እንከን የለበትም። ነገር ግን መምቻው ውስጥ ላላ ብሎ ይቀመጥና፣ መትቶ ሲነሣ ተንሸራቶ ገና የቆመውን ፊደል ይገፋዋል። ለዓይን ያው ድርብ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን ሌላ ነው፤ በእውነተኛዋ ሁለቱም ምስል ሙሉ አካል አለው፣ የፊደሉ ማዕዘን ስንጥቅ ይላል፣ ፊደሉም ይወፍራል። በሐሰተኛዋ ሁለተኛው ምስል ጠፍጣፋ እርከን ነው፤ ፊደሉም ይቀጥናል። ለምን ቢሉ፣ የተጨመረላት ነገር የለም፤ ከራሷ ተልጦ ነው።

እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። «እውነተኛ ስህተት» የተባለችው ሳንቲም አንዳች አልተሳሳተችም። የታዘዘችውን አደረገች፤ የተሳሳተው ማኅተሟ ነው፤ እንደ እርሷ የተመቱ ሺህ እኅቶችም ይመሰክሩላታል። ሐሰተኛዋ ግን ትክክለኛ ነገር ተነግሯት በደቂቃዋ ላይ የተደናቀፈች ናት፤ ምስክር የላትም። እኛ ሰዎችስ የትኛዋን እንመስላለን? የማደሪያ ጓደኛዬ «ዓይን ሁለት ካየ ሁለት ነው፤ ምን ቸገረህ!» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ሆኖም ሐሰተኛዋ ራሷ ዋሽታለች ማለትም አልችልም። በዚያው በ1955 ማኅተማቸው ባረጀ ሳንቲሞች ላይ የመጨረሻዋ 5 ድርብ መስላ ወጥታለች። ሰብሳቢዎች «የድሃ ድርብ» ይሏታል፤ በዚሁ ስሟ በርካሽ ትሸጣለች፤ ማንም ተታለልኩ ብሎ አያውቅም። እንግዲያስ ውሸቱ የሚገባው ከብረቱ ሳይሆን ከስሙ ጋር ነው።

ስም የምሰጣት ደግሞ እኔ ነኝ። አጉሊ መነጽር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ምን ማየት እንዳለብኝም አንብቤ ነበር፤ በእውነተኛዋ የ1972 ሳንቲም ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከራሱ በላይ ያለው ጽሑፍም ድርብ ነው። ሦስት ቀን አላየኋትም። «አላየሁም፣ አላውቅም» ብል ውሸት አይሆንም ብዬ ነዋ! ግን እስቲ አስቡት፤ እውነተኛ ናት ብዬ ከልቤ አምኜ ቢሆን ኖሮ በሩጫ አላያትም ነበር? መነጽሩን መፍራቴ ራሱ ማወቄ ነው። ሰው የሚጠብቀውና ዘብ የሚያቆምለት አለማወቅ፣ አለማወቅ አይደለም።

በአራተኛው ሌሊት አየኋት። የላይኛው ጽሑፍ ነጠላ ነው። የ7ቷ ጠርዝ ጠፍጣፋ፣ የሚያብለጨልጭ እርከን።

ጧት ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አዘነ። «ምነው ዝም ብለህ ብትሰጠኝ? እኔ እንደሆን መነጽር የለኝ፤ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ እስካሁንም በደንብ አላገኘሁለትም። ከበላሁት ገንዘብ ግማሹን መልሻለሁ፤ የቀረውን በወር መጨረሻ እከፍላለሁ። ሳንቲሟን ወስዷታል። «በስንት?» ብለው «በአንድ ሳንቲም» አለና አንድ የእኛን ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።