ከሕይወት ታሪኩ የተዘለለው ዜማ

በአራዳ ጊዮርጊስ ፍትሐቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ሟቹ መሐንዲስ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተመረቀ፣ የትኛውን ድልድይ እንደሠራ፣ ማን እንደሸለመው። ቤተሰቡ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ። ሙዚቃ ይወድ እንደነበርማ ማን ያነሳል? እኔ ግን፣ ምእመናን፣ ያ የተዘለለው ነገር ሰውየውን ከድልድዩ ይበልጥ ያሳውቀናል እላለሁ። ድልድዩን የሠራው በደመወዝ፣ በውልና በተቆጣጣሪ ነው። እሑድ ከሰዓት ቴፕ የበላውን ካሴት ይዞ ተቀምጦ፣ የተጨማደደውን ክር በአውራ ጣቱ እያለሰለሰ፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያለ ሲያጠነጥን ግን ያዘዘው የለም። ልጆቹ የትዕግሥቱን ልክ ያዩት እዚያ ነው።

ዘፈን የቃየል ልጆች ሥራ ነው፣ የሴትን ልጆች ከደብር ቅዱስ ያወረዳቸውም እርሱ ነው የሚል ይኖራል። ትውፊቱን አልክድም። ነገር ግን ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላይ በገና ለሚይዙ አባት የሆነው ዩባልና ናስና ብረት ሠሪው ቱባልቃይን የአንድ ሰው፣ የቃየል ዘር የሆነው የላሜሕ ልጆች ናቸው። በገናውን ስለ ቤተ ዘመዱ የሚኰንን ሰው የቤተ መቅደሱን ማጠፊያና ሚስማር ምን ሊያደርገው ነው? በገና ደርዳሪውን ዳዊትንስ? ገላትያ 5 ላይ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተጻፈውም ከስካር ጎን መቀመጡን ልብ እንበል፤ የግሪኩ ቃል የመጠጥ ፈንጠዝያን የሚያመለክት ነው። ስካርን የሚያሞግስ ዘፈን እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚሟገትለት ሌላ ሰው ይፈለግለት።

ፒያሳ ራሷ ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ዜማንና ግንባታን፣ አለያየችም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ሲመሠረት ሕዝቡን የቀሰቀሰው በንግግር ብቻ ሳይሆን በዜማም ነበር። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው ማዘጋጃ ቤትም ፕላንና ካርታ ከሚታይባቸው ቢሮዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የቴአትር አዳራሽ ይዟል። ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሙዚቃ ዞረ፣ ዓለምም አወቀው። የሚያሳድጋቸው ልጆች ያሉት መሐንዲስ እንደ እርሱ መዞር አይችልም። ሙያውን ይዞ ሙዚቃውን ቤቱ ያስገባል፤ ሚስቱ ወጥ ስትሠራ፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ያው ካሴት ይዞራል። ይህን ትንሽ ነገር ነው የምንለው፤ እኔ ግን ከሽልማቱ አላሳንሰውም።

ለሙት የሚጠቅመው ጸሎት እንጂ ትዝታ አይደለም ለሚለኝም መልሱ አጭር ነው፦ እንግዲያው ዲግሪውንም አታንብቡት። የሚነበብ ነገር ካለ ግን ማን እንደሚጽፈው እንይ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚዘጋጀው በመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው፤ የሹመቱን ቀን ከማኅደሩ ይገለብጣል። የትኛው ካሴት ሁለት ጊዜ እንደተበጠሰና አባቷ በስኮች እንዴት እንደቀጠለው የምታውቀው የመጨረሻ ልጁ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣለች፤ የጠየቃት የለም።