የመጨረሻው ዋጋ

ነጋዴ በስምንት መቶ ብር ለመሸጥ ልቡ የፈቀደውን ነጠላ ሺሕ ሁለት መቶ ብሎ ቢጠራ ዋሽቷል እንላለንን? ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን መርካቶ ገብቶ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ፣ ዐውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ መልስ ሰጥቶበታል።

ይህን ነገር ለመመርመር ከቅዳሜ ገበያ የተሻለ ቦታ አናገኝም። ቆርቆሮና ሸራ በለበሱት መተላለፊያዎች ሥር ብርሃን በየቀዳዳው ይወርዳል፤ የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱና የበርበሬው ሽታ አልፎ አልፎ እስከ ሸማው ድረስ ይከተላል፤ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ይሰነጥቃል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ግን ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «የመጨረሻውን ንገረኝ» የሚለው ነው።

ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በነበሩበት ዘመን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከአራዳ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ያዛወሩት የአገሩን ተወላጅ ከአውሮፓውያን ለመለየት አስበው ነበር። ስሙ በቋንቋቸው ቀረ፤ የመገበያያውን ሕግ ግን ሕዝቡ እንደ ቀድሞው በራሱ ልማድ አጸናው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተነሡት፣ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ጥብቅ ነበሩ። ከሚቀበለው ዋጋ አብልጦ የሚጠራ ነጋዴ እውነትን አጉድሏል ብለው አንድ ዋጋ ብቻ መናገር ጀመሩ። ሕዝቡም በመጀመሪያ ሸሻቸው፤ ቆይቶ ግን ሕፃን ልጅ ልኮ እንኳ ያለ ሥጋት መግዛት እንደሚቻል ባየ ጊዜ ወደ ሱቃቸው ጎረፈ። ዛሬ በየመደብሩ የሚለጠፈው ዋጋ የዚህ አሳብ ዘመድ ነው።

እኛ ግን ፍርዱን በአንድ ቃል ለመዝጋት አንደፍርም። ውሸት የሚባለው ሰሚውን ለማሳት የተነገረ ቃል ነው። ሺሕ ሁለት መቶ የተባለው ገዢ «ስድስት መቶ» ብሎ ከመለሰ፣ የመጀመሪያው ጥሪ የነገር መክፈቻ መሆኑን ሁለቱም ዐውቀዋልና ማንም ማንንም አላሳተም። እንዲያውም በርበሬ ሻጪቱ ብዙ ከተከራከረች በኋላ አንድ እፍኝ ጨምራ «ይኼ ምርቃት ነው» ስትል፣ የተለጠፈ ዋጋ የማያውቀውን ቸርነት ታሳያለች።

ነገሩ የሚበላሸው ከሁለቱ አንዱ ልማዱን ባላወቀ ጊዜ ነው። ከገጠር ገና የገባ ገበሬ፣ ወይም ከእናቷ ተልካ የመጣች ልጅ፣ የተጠራውን ዋጋ እንደ እውነት ይቀበላሉ። ነጠላው ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ማታለል ይሆናል። ጎበዝ ነጋዴ የገዢውን አላዋቂነት ከጫማውና ከአነጋገሩ ይለያል መባሉም ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ገዢውም ቢሆን በነጻ ሊሰናበት አይገባውም። ያላየውን «ከማዶ በአምስት መቶ አይቻለሁ» ይላል፤ በኪሱ ይዞ «ሌላ የለኝም» ብሎ ይምላል። መሬት ላይ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጠውን ሴት ስለ ጥቂት ብር ሲያደክማት የሚቆይ ደመወዝተኛ፣ ወዲያው ቡና ቤት ገብቶ ያንኑ ብር ለአሳላፊው ጉርሻ ይተዋል። ከሴቲቱ የፈለገው ገንዘቧን እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ መርታትን ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር፣ አንድም የሐሰት ቃል ባይነገርበት፣ ከነጋዴው ጥሪ ይልቅ ያስነውራል ብለን እናምናለን፤ ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላይቱ የልጆቿ እራት ነውና።

ወደ ነጠላው እንመለስ። ፈታይዋ በእንዝርቷ፣ ሸማኔው በመወርወሪያው ያሳለፉት ቀን በውስጡ አለ፤ ሁለቱም ግን ዋጋው ሲቆረጥ በቦታው አልነበሩም። ገዢው አራት መቶ ብር አስቀንሶ ደስ ብሎት ሲሄድ፣ ያ ቅናሽ ከነጋዴው ትርፍ ይወጣል ወይስ በሚመጣው ሳምንት ሸማኔው ከሚቀበለው ላይ ይነሣል? «ሸማኔው ስንት ወሰደ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ እስከ ዛሬ አልሰማንም፤ ነጋዴውም ቢጠየቅ ያን ጊዜ እውነተኛውን ዋጋ ይናገር እንደ ሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።