ሲጠጡ በማኅበር፣ ሲተዉ ለብቻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ሆይ፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ስለ ተጻፈው ሽባ ሰው ብዙ ጊዜ ተምረናል። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ሕዝቡ በሩን ስለ ሞላው ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታችን የተመለከተው የእነርሱን እምነት እንደ ሆነ ይነግረናል። እኛ ግን በከተማችን በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ አንድ ወንድማችን በመጠጥ ወድቆ ስናገኘው አልጋውን ራሱ ተሸክሞ፣ ጣራውንም ራሱ ነድሎ እንዲመጣ እንጠብቃለን። ካልመጣም «ልቡ አልቈረጠም» እንላለን።

ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። በወለጋ ከተሞች መጠጥ የብቻ ጉዳይ ሆኖ አይጀምርም። ጠላው በሠርግና በተዝካር፣ ጠጁ በበዓል፣ አረቄው ከሥራ መልስ ከባልንጀራ ጋር ይቀርባል። በዩኒቨርሲቲም ቢሆን ተማሪው ጫቱን የሚቅመው ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ የሚወጣውም ከእነርሱው ጋር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው መጠጡን ሲተው የሚተወው ብርጭቆውን ብቻ አይደለም። ምሽቱን የሚያሳልፍበትን ቤት፣ ሲገባ ስሙን የሚጠሩትን ሰዎች፣ ጨዋታውንና ሣቁን ሁሉ ይተዋል። ሲጠጣ ማኅበር ነበረው፤ ሲተው ግን ብቻውን ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። በዚህ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን በደረሰው ግጭት ከቀዬው የተፈናቀለውንና ዘመዱን የቀበረውን እናስብ። ኀዘኑን በአረቄ የሚያስተኛ ሰው አረቄውን ቢተው እንኳ ኀዘኑ አይተወውም።

ከእኛ ዘንድ ብዙዎች ለመተው ሲያስቡ ግዝት ይይዛሉ። ይህን ያህል ወር አልጠጣም ብለው በካህን ፊት ይገዘታሉ። ግዝቱን አናቃልልም። ነገር ግን አንድ ቀን የተሰበረ እንደ ሆነ ሰውየው እግዚአብሔርን እንደ ካደ ስለሚቈጥር ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል፤ «አንዴ ፈርሷል» ብሎም ከበፊቱ አብልጦ ይጠጣል። የጐደለው ግዝቱ አይደለም፤ በዚያች በወደቀባት ሌሊት ሄዶ በሩን የሚያንኳኳበት ሰው ነው።

የቡድን ሕክምና የሚባለው ለዚህ ይጠቅማል። ዶክተር ጆሴፍ ፕራት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ድኾች የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በአንድነት እየሰበሰቡ ማስተማር ጀምረው ነበር፤ ሕሙማኑ እርስ በርሳቸው መበረታታታቸው ራሱ እንደሚያግዝ አስተዋሉ። ስለ መጠጥ የታወቀው ታሪክ ግን በ1935 እ.ኤ.አ. በአክሮን፣ ኦሃዮ የሆነው ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ደላላ መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ሆኖት ሳለ ለሥራ ወደዚያች ከተማ ሄደ፤ ጉዳዩ አልሳካ አለው። ተመልሶ እንዳይጠጣ ስለ ፈራ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ ፈልጎ ለማነጋገር ወሰነ፤ ሰዎችም ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባሉ ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ልብ በሉ፤ ቢል የሄደው ሊገሥጽ አልነበረም፤ ራሱ እንዳይወድቅ ነበር እንጂ። ዶክተር ቦብ በዚያው ዓመት መጠጥ ትተው በ1950 እስኪሞቱ ድረስ አልተመለሱበትም። «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው ማኅበር ከዚህ ተነሣ።

በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቡድን ሕክምናን የሚመራው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ይህኛውን ግን የሚመሩት ራሳቸው ሱሱን የቀመሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሰውን በክብ ያስቀምጣሉ። ጥቅሙም ተመዝኖ ታይቷል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚያገናዝብ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በድምሩ 10,565 ሰዎችን የያዙ 27 ጥናቶችን አመሳክሮ ነበር። ሰውን ወደዚህ ማኅበር በሥርዓት በሚያስገባው ሕክምና ከ100 ሰዎች 42 ያህሉ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠጡ ሲቈዩ፣ በሌሎቹ ሕክምናዎች የቈዩት 35 ያህል ናቸው። ይህ ተአምር አይደለም፤ ከግማሽ የሚበልጡት በዓመቱ ውስጥ ጠጥተዋልና። ቢሆንም ከመቶው ሰባት አባቶች ተጨምረው ወደ ልጆቻቸው ቢመለሱ ትንሽ ነገር ነውን?

ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ አንደኛ ነገር ሰውየው የራሱን ታሪክ በሌላ ሰው አፍ ይሰማል። «እንዲህ የሆንሁት እኔ ብቻ ነኝ» የሚለው እፍረት በዚያች ደቂቃ ይቀንሳል። ደግሞም ጠጪን ጠጪ አያታልለውም። ጠርሙሱ በእህል ጆንያ ውስጥ እንደሚደበቅ፣ የልጅ ደብተር መግዣ ገንዘብ በምን ምክንያት እንደሚወሰድ ሚስቱ ሳታውቅ ባልንጀራው ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚረዳው ሰው ራሱ ረዳት ይሆናል። ስንት ዓመት «ሸክም» ሲባል የኖረ ሰው በአራተኛው ሳምንት ለአዲስ መጪ ወንበር ሲያቀርብ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

«የአገራችን ሰው ገመናውን አያወጣም» የሚሉን አሉ። በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ በሚገኙ 30 መንደሮች ስለ ድብርት የተደረገውና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በኤድስ ዘመን ብዙ ወገኖቻቸውን የቀበሩ የገጠር ሰዎች፣ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ሆነው በየሳምንቱ ለ16 ሳምንታት በቡድን ተቀመጡ፤ የመሯቸው ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከድብርታቸውም እጅግ ተሻላቸው። እነርሱ ከእኛ ይልቅ ገመና የማይከብዳቸው ሆነው ነውን?

ኖኅ በሰከረ ጊዜ ካም አይቶ በውጭ ተናገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው ሸፈኑት። ልብሱን በጫንቃቸው ላይ ያደረጉት ሁለት ሆነው እንደ ነበር አስተውሉ። በነቀምቴ ስምን መደበቅ አይቻልም፤ በነጆና በመንዲማ የሰውየውን ኮቴ እንኳ ጎረቤት ይለየዋል። ስለዚህ የእኛ ሕግ ስም መደበቅ ሳይሆን አፍ መጠበቅ መሆን አለበት፤ በክፍሉ የተነገረው በቡና ላይ አይነሣም። ይህን ሕግ ያፈረሰ ሰው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢም ቢሆን፣ ከክፍሉ ይውጣ። ንግግሩም በአፋን ኦሮሞ ለሚቀናው በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ሰው ኀዘኑን የሚናገረው እናቱ ባባበለችው ቋንቋ ነውና።

ይህ ስብሰባ የንስሐን ቦታ አይወስድም፤ ኃጢአት የሚፈታው በካህን ነው። ሐኪምንም አይተካም። ብዙ ዓመት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ እስከ ሞትም ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «በርታ፣ ጸልይ» ብሎ ቤቱ መተው አደገኛ ነው፤ አስቀድሞ ሆስፒታል ይውሰዱት። በነቀምቴ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አይጣል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን።

ስለ እህቶቻችን ብዙ አይነገርም። አረቄ የምታወጣው እናት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ስለሆነ እርሷን በመርገም የሚገኝ ጥቅም የለም። ከምታወጣው እየቀመሰች በሱሱ የተያዘችም አለች፤ እርሷ ከወንዶች ጋር ተቀምጣ አትናገርምና ሌላ ቀን፣ ሌላ ክፍል ያስፈልጋታል።

እኛ ያሰብነው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው የሚሆን፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ማለትም አረቄ ቤቶች በሚሞሉበት ሰዓት የሚሰበሰብ ቡድን ነው። ስብከት አይኖርም፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል እንጂ ሌላውን አይመክርም። ጠጥቶ የመጣ አይባረርም፤ ግን የዚያን ዕለት ያዳምጣል። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲገኝልን እንለምናለን። ቦታውን በተመለከተ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የዕቃ ክፍል ይበቃል፤ በሩ ወደ ጓሮ ስለሚከፈት የሚገባውን ሰው ከመንገድ ማንም አያየውም። ይሁን እንጂ ከበሮዎቹና የመዝሙር ልብሶቹ የሚዛወሩበት ቦታ እስካሁን አላገኘንም። ቤቱ ሰፋ ያለ አባል ካለ እስከ መጪው እሑድ ለጸሓፊያችን ይንገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።