ጤነኛው ለሕሙሙ መድኃኒት ስለሚከፍለው ዋጋ

ጤነኛ ሰው ለማይውጠው መድኃኒት በየወሩ ማዋጣቱ ርትዕ ነውን? በአሜሪካ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚታከሙበት በሜዲኬር ሥርዓት ይህ ጥያቄ ከገንዘብ አልፎ የሕሊና ጉዳይ ሆኖ ይነሣል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ታውጆ በ2006 ሥራ የጀመረው የመድኃኒት ሽፋን በፈቃድ የሚገቡበት ሲሆን፣ ሌላ በቂ ሽፋን ሳይኖረው መግባቱን ያዘገየ ሰው ግን ስለ እያንዳንዱ ወር ከመነሻው መዋጮ አንድ በመቶ እየታሰበበት፣ በሽፋኑ እስካለ ድረስ ቅጣት ይከፍላልና።

ይህን ቅጣት ጭካኔ ነው የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን ሰው ሁሉ እስኪታመም ጠብቆ ቢገባ ኖሮ፣ የሚያዋጡት ሕሙማን ብቻ በሆኑ፣ መዋጮውም ከአቅማቸው በላይ በናረ ነበር። የዕድር አባል በቤቱ ሐዘን ሳይገባ ለዓመታት ሲያዋጣ ገንዘቤ ባከነ አይልም። ሰማዕታቱ ቆዝሞስና ድምያኖስ ሕሙማንን ያለ ዋጋ ይፈውሱ እንደ ነበር በየዓመቱ እንዘክራለን፤ ዛሬ ግን መድኃኒት በብዙ ድካምና ወጪ የሚሠራ ስለሆነ፣ ዋጋው ከአንዱ ጫንቃ ሲወርድ በሌላው ላይ ማረፉ አይቀርም። ጤናም በፈጣሪ ቸርነት የተሰጠ አደራ እንጂ በጉብዝና የተገኘ ርስት ስላይደለ፣ ጤነኛው የሚያዋጣው የርኅራኄ ምጽዋት ሳይሆን የወንድማማችነት ዕዳ ነው። የሜዲኬር ሕግ የአንድ ወር ኢንሱሊን ከ35 ዶላር፣ የተሸፈኑት መድኃኒቶች የዓመት የኪስ ክፍያም በ2025 ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ መወሰኑ ይህንኑ ዕዳ ማወቁ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ማካፈል ብቻውን ፍትሕን አይፈጽምም። በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት የቆሙ እናት፣ በዲሴምበር በጥቂት ዶላር የወሰዱት ክኒን በጃንዋሪ ብዙ ሲጠየቅበት፣ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ የከፈልሁት የት ገባ?» ይላሉ። ልጃቸው «እማዬ፣ ዲዳክቴብሉ እንደ አዲስ ጀምሮ ነው» ብትላቸውም፣ በአዲሱ ዓመት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እርሳቸው አስቀድመው የሚሞሉት ድርሻ እንዳለ፣ ይህም በ2025 እስከ 590 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም። መድኃኒቱ ከተሸፈኑት ዝርዝር ሊወጣ ወይም ወደ ውድ ደረጃ ሊዛወር እንደሚችልም አያውቁም፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ወጪውን የሚያቀልለው ልዩ እርዳታ በማመልከት እንደሚገኝም አልሰሙም።

ስለዚህ ለድኩማን የተሠራ ሕግ ድኩማን ካላስተዋሉት፣ በረከቱ ማንበብ ለሚችሉት ብቻ ይቀራል። ፊደል የቆጠረ ልጅና ጎረቤት ሁሉ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው የሽፋን መምረጫ ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ የሚወስዱትን እያንዳንዱን መድኃኒት ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክር፤ ደረጃውንና ክፍያውን በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው። ሕሙማንን መጠየቅ ከታዘዝንባቸው ምግባራት አንዱ ነው፤ በዚህ ዘመን የሕሙማንን ወረቀት አንብቦ ማስረዳትም ከዚያው ትእዛዝ የሚቈጠር ነው።