ጠርቶ ማራቅ

ሰው ሠርግ በደገሰ ጊዜ ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛው ማንን እንደሚጠራ ነው፤ ሁለተኛው የጠራውን ሰው የት እንደሚያስቀምጥ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይታሰብበታል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል፤ የተረሳ ሰው እንዳይኖር ስም በስም ይቈጠራል። ሁለተኛው ግን የአጋፋሪና የአሳላፊ ጉዳይ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ይሁን እንጂ እንግዳ በልቡ ይዞት የሚመለሰው የተጠራበትን ቃል ሳይሆን የተቀመጠበትን ስፍራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄም ይኸው ነው። በሙሉ ልብ ያልተፈለጉ ሰዎችን በይሉኝታ ጠርቶ፣ ከአንድ ጥግ አንድ ላይ ማስቀመጥ ምን ዐይነት ሥራ ነው? ደግነት ነው? ብልኀት ነው? ወይስ በደል?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በምዕራብ ጎጃም ምድር ላይ እናቁመው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደንበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ቡሬ ይገባል። በዚህ አገር የሠርግ ወራት የታወቀ ነው። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ከጥምቀት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ፣ ደግሞም ጾሙ ከተፈታ በኋላ በየመንደሩ ዳስ ይጣላል፤ ጤፉ ይፈጫል፤ በርበሬው ይደቈሳል፤ ጠላው በየጋኑ ይጠመቃል። ሥራው የአንድ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም። ጎረቤት እንጨት ይፈልጣል፤ ለዳሱ ቅጠል ያመጣል፤ ሴቶቹም እንጀራውን ተረዳድተው ይጋግራሉ።

እንግዲህ በማንኩሳና በቡሬ መካከል የሚኖር አንድ ገበሬ ልጁን ሲድር እናስብ። ከዳሱ በላይኛው በኩል ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተቀምጠዋል። በእነርሱ ግራና ቀኝ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከከተማ የመጡት ሹማምንትና ነጋዴዎች አሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ዘመድና ጎረቤት በየመሶቡ ዙሪያ ተቀምጧል። በመጨረሻም ነፋስ በሚገባበት በበሩ አጠገብ አንድ ሌላ ጉባኤ እናገኛለን። በዚያ ያሉት እነማን ናቸው? አንዱ የደጋሹ የአክስት ልጅ ነው፤ ድኻ ስለ ሆነ ልብሱ ያደፈ ነው። ሁለተኛው ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለት ቀጥቃጭ ነው። ሦስተኛው ከጥቂት ዓመት በፊት በድንበር የተሟገተው ጎረቤቱ ነው፤ ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፤ ልባቸው ግን ገና አልታረቀም። አራተኛው ሁለት ዋንጫ ከጠጣ በኋላ አንደበቱን የማይቈጣጠር ሰው ነው። አምስተኛዋ ከደጋሹ ወንድም ጋር የተፋታች ሴት ናት፤ የወንድሙን ልጆች ስለ ወለደች ሳይጠሯት መቅረት አልተቻለም። እነዚህን አምስት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያገናኛቸው ዝምድና፣ ሙያ ወይም ዕድሜ የለም። የሚያገናኛቸው የደጋሹ ኀፍረት ብቻ ነው።

ወደ ከተማ ብንዘልቅም ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዳሱ ድንኳን ወይም አዳራሽ ሆኗል፤ የቃሉም ጥሪ የታተመ ካርድ ሆኗል። ነገር ግን ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ የፎቶግራፍና የቪዲዮ መሣሪያ በማይደርስበት በኩል አንድ ጠረጴዛ አለ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሙሽራውን ፊደል ያስቈጠሩት ጡረተኛ መምህር፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛና ከገጠር የመጡት አጎት አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራውን በስሙ እንኳ ለይተው የማያውቁት የሥራ አለቃ ግን ከፊት ናቸው።

ለዚህ አሠራር ጠበቃ አይታጣለትም። የመጀመሪያው ጠበቃ ሥርዓት ነው። «ሁሉም ባሻው ስፍራ ይቀመጥ ቢባል ድግሱ ገበያ ይሆናል» ይላል። ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1900 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው የግሪክ ጸሓፊ ፕሉታርክ፣ በማዕድ ዙሪያ የተደረጉትን ጭውውቶች በሰበሰበበት መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶታል። ወንድሙ ቲሞን ግብዣ አድርጎ እንግዶቹ በፈለጉት ስፍራ እንዲቀመጡ ፈቀደ። በኋላም በልብሱና በአጃቢዎቹ የሚኰራ አንድ እንግዳ መጥቶ ከበሩ ቆመ፤ ዙሪያውን ቢመለከት ለክብሩ የሚገባ ስፍራ የቀረለት ስላልመሰለው ሳይገባ ተመለሰ። በዚህ ምክንያት ክርክር ተነሣ። አባታቸው ያለ ሥርዓት ግብዣ አያምርም አሉ። ሌላው ወንድም ላምፕርያስ ግን ሰው በሀብቱና በሹመቱ መጠን ሳይሆን አንዱ ለሌላው በሚጠቅመው መጠን ይቀመጥ የሚል አሳብ አቀረበ፤ መማር የሚወደው ከዐዋቂው አጠገብ፣ ቁጡው ከታጋሹ አጠገብ፣ መናገር የሚወደው ሽማግሌ መስማት ከሚወደው ወጣት አጠገብ ይሁን ማለቱ ነበር። እኛም ሥርዓት አያስፈልግም አንልም። ሥርዓት ማለት ግን መለየት ብቻ አይደለም፤ ማገናኘትም ነው።

ሁለተኛው ጠበቃ «ሰው ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ይደላዋል፤ ብንለያቸው ለእነርሱው ብለን ነው» ይላል። ይህ ቃል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ አንዱ ልጁን ሲድር ሌላውን ይጠራል። ሥጋ የሚታረደው እንደየሃይማኖቱ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብቱን የራሳቸው ሰው እንዲያርድላቸው ያደርጋል፤ ወጡ በልዩ ድስት ይሠራል፤ ማዕዱም ለብቻ ይዘጋጃል። ይህ መለየት ማንንም አያሳዝንም፤ እንዲያውም ደጋሹ ስለ እነርሱ አስቀድሞ እንዳሰበና ድካም እንደ ጨመረ ያሳያል። እንደዚሁም ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ቢኖሩ አራርቆ ማስቀመጥ ብልኀት ነው።

ስለዚህ መለየት በራሱ በደል አይደለም። መመዘኛው አንድ ነው፤ የተለየው ሰው የተለየው ለማን ተብሎ ነው? ለእንግዳው ተብሎ ከሆነ ደጋሹ ይደክምበታል፤ ለደጋሹ ተብሎ ከሆነ እንግዳው ይሸማቀቅበታል። ሌላም ምልክት አለ። ለእንግዳው ሲባል የተደረገውን ነገር ደጋሹ በግልጥ ሊናገረው ይችላል፤ «ይህ የእናንተ ማዕድ ነው» ቢል አያፍርም። ከበሩ አጠገብ ላስቀመጣቸው ሰዎች ግን ምክንያቱን አፍ አውጥቶ ሊነግራቸው አይችልም። ሊነገር የማይቻል ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ መጥፎ ምክንያት ነው።

ቀጥቃጩን ለአብነት እንውሰድ። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለረጅም ዘመን ቡዳ እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። በቀጥቃጩ ማረሻ ታርሶ፣ በሸማኔው ልብስ ተጊጦ፣ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ተጋግሮ በተደገሰው ድግስ ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከማዕዱ ይርቁ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ በመሶብና በወንበር የሚነገረውን ንቀት ግን ዳኛ አይሰማውም። አፉ ከስድብ የተከለከለ ሰው በአጋፋሪው እጅ ሊሳደብ ይችላል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውና የማንኩሳን ስም ለአንባቢ ሁሉ ያስታወቀው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ጋር የተዛመደ ነገር አሳይቶናል። የማንኩሳው ልጅ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ተጠርቶ ነው። ዕውቀቱ ተፈለገ፤ እርሱ ራሱ ግን በዘር ሲመዘን ከቤቱ ማዕርግ በታች ሆኖ ተገኘ። ሰውን ለሚሰጠው ጥቅም አቅርቦ፣ ለሚገባው ክብር ግን ማራቅ፣ ጠርቶ ማራቅ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጠበቃ ይሉኝታ ነው። «ባንጠራቸው ኖሮ ይቀየሙን ነበር» ይላል። ይሉኝታ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊቱ የሌላውን ሰው ልብ መጠበቅ ነው፤ ይህ የጨዋ ሰው ጌጥ ነው። ሁለተኛው ፊቱ የራስን ስም ከሐሜት መጠበቅ ነው። ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ጥሪውን የላከለት ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጥሪው ሐሜትን ካስቀረ በኋላ ሥራው አለቀ፤ ሰውየው መጥቶ የት እንደሚወድቅ የሚጠይቅ የለም። አበው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብለው ያልተጠራውን ይገሥጻሉ። ተጠርቶ «አቤት» ያለውን ሰው ፊት የሚነሣውን ጠሪ ግን ማን ይገሥጸው? ያልተጠራ ሰው ከቤቱ ሆኖ ይቀየማል፤ ቅያሜውም የብቻው ነው። ተጠርቶ የተገፋ ሰው ግን የሚገፋው በመንደሩ ሁሉ ፊት ነው፤ አጠገቡ የተቀመጡትንም ተመልክቶ በዚያ ቤት የተሰጠውን ዋጋ ያነባል። ካለመጥራት ይልቅ ጠርቶ ማራቅ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ያው ሰው በሌላ ቀን መፈለጉ ነው። ከዚያው ቤት ሰው የሞተ ዕለት መቃብር ከሚቈፍሩትና አስከሬን ከሚሸከሙት መካከል ያ የአክስት ልጅ አይታጣም። ለተዝካሩም ድኻው ይፈለጋል፤ የቆሎ ተማሪው ይጠራል፤ የእነርሱ መብላትና «ነፍስ ይማር» ማለት ለሟቹ ይጠቅማል ተብሎ ይታመናልና። በሠርግ ቀን መልኩ ድግሱን ያበላሻል የተባለው ሰው በተዝካር ቀን ካልመጣ ድግሱ ጐደለ ይባላል። በኀዘናችን የምንጠጋውን ሰው በደስታችን የምናርቀው ከሆነ፣ የምንፈልገው ትከሻውንና ጸሎቱን እንጂ እርሱን አይደለም ማለት ነው።

በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ስለ ሠርግ ቤት አቀማመጥ የተነገረውን ትምህርት የአገራችን ክርስቲያን ሲሰማው ኖሯል። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ ለእንግዳው ዝቅ ብሎ መቀመጥን እንመክረዋለን። ትምህርቱ ወዲያው ዘወር ብሎ ለጋባዡም እንደሚናገር፣ ማንን መጥራት እንደሚገባውም እንደሚጠይቀው እንዘነጋለን። ትሕትና ለእንግዳ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ ደጋሹ ተሟጋቹን ዕለቱን እንዲወደው አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሊያከብረው ያልቈረጠውን ሰው አይጥራው፤ ድግስን በአቅምና በእውነት መጥኖ መደገስ ነውር የለበትም። ሁለተኛ፣ ከጠራው ግን ስፍራ ይስጠው። ተሟጋቹ ጎረቤት ካስታረቋቸው ሽማግሌ አጠገብ ቢቀመጥ ዕርቁ በማዕድ ይጸናል። መጠጥ የሚያሸንፈው ሰው ከሚያፍረው ታላቅ ወንድሙ አጠገብ ቢሆን አንደበቱን ይሰበስባል። የተፋታችው እናት ከልጆቿ ጋር፣ ድኻው የአክስት ልጅ ከዘመዶቹ መካከል፣ ቀጥቃጩም በማረሻው ከሚያርሱት ገበሬዎች ጋር ከአንድ መሶብ ይቍረሱ። ይህ ሁሉ አንድ በሬ ወይም አንድ ጋን ጠላ አይጨምርም። የሚጠይቀው ደጋሹ ከሠርጉ በፊት ስለ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት እንዲያስብ ነው።

«ባለማዕርጉ እንግዳ ቅር ቢለውስ?» የሚል ይኖራል። ቅር ሊለው ይችላል፤ ልጁን የሚድረው አባትም ከዚያ ሹም የሚፈልገው ጉዳይ ሊኖረው ይችላል። ዋጋው ቀላል ነው አንልም። ቢሆንም ከቲሞን በር የተመለሰው ኩሩ እንግዳ ራሱን በራሱ መለሰ እንጂ ማንም አልገፋውም። ከጥግ የተቀመጠውን ድኻ ግን የገፋው የጠራው ሰው ነው። ከሁለቱ ቅሬታዎች አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ እኛ ያልበደልነው ሰው ቢቀየመን ይሻላል።

ጥያቄውንም ለሠርግ ቤት ብቻ አንተወው። መምህር ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ሰብስቦ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያስቀምጣቸው፣ መዝገቡ ተማሪዎች ይላቸዋል፤ ስፍራቸው ግን ሌላ ነገር ይነግራቸዋል። በመሥሪያ ቤትም ባለጉዳዩ «ነገ ና» ተብሎ ከሩቅ ከመጣ በኋላ ማንም ሳያነጋግረው ከበር ሲውል፣ ጠርቶ ማራቅ የዕለት ሥራ ሆኗል ማለት ነው። በዚህም በዚያም የምናነሣው ጥያቄ ያው ነው፤ እንዲህ የሆነው ለማን ተብሎ ነው?

ዳሱ ከሠርጉ በኋላ ይፈርሳል፤ ቅጠሉ ይደርቃል፤ እንጨቱም ለማገዶ ይሆናል። የአክስት ልጁ፣ ቀጥቃጩና ጎረቤቱ ግን በሚመጣውም ዓመት የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው። ደጋሹ ከገበያ ሲመለስ በመንገድ ቢያገኛቸውና ዐይኑን ሳይሰብር «እንደምን ዋላችሁ» ሊላቸው ከቻለ፣ ሠርጉ በእርግጥ አምሮ ነበር።