መካኑ ማን ነው?

ዘመዴ ለዘጠኝ ዓመት «መካን» ስትባል ኖራ ተፈታች። ባሏ ግን አንድም ቀን አልተመረመረም።

እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ከማህፀን ውጪ የተጸነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ አንድን የወንዴ ዘር በመርፌ እንቁላል ውስጥ የማስገባት ዘዴ በብራስልስ ለፍሬ መብቃቱ ይፋ ሆነ። ዘዴው በዋነኛነት የወንዱን ችግር የሚፈታ ነው።

«ሐራም አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ዘሩም፣ እንቁላሉም፣ ማህፀኑም የባልና የሚስት ብቻ ከሆነ በአስፈላጊ ጊዜ ፈቅዷል፤ ሦስተኛ ወገን የገባበትን ከልክሏል። ነሰብ አማና ነውና።

ታዲያ ለነሰብ የምንጠነቀቅ ወንዶች ለሚስቶቻችን ክብር ለምን አንጠነቀቅም? ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ ሲለምኑ ከሚስታቸው መካንነት በፊት የጠቀሱት የራሳቸውን ድካም ነበር። ነቢይ ያላፈሩበትን እኛ ምን ያሳፍረናል? ወላሁ አዕለም።