ዘር ከልጓም ይስባልን?

ዛሬ በዶራቪል ጉባኤያችን የምናነበው ክፍል ዘፍጥረት 49፥5-7 ነው።

ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ይጠራል። ስምዖንና ሌዊ ጋ ሲደርስ የሴኬምን ሰዎች የፈጁበትን ቁጣ ይረግማል። ልብ በሉ፣ የረገመው ቁጣቸውን ነው።

አገራችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ይህ ነገር እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። በ1991 ስቲቨን ሞብሊ የሚባል ወጣት ኦክውድ ከተማ አንድ ፒዛ ቤት ሲዘርፍ ሥራ አስኪያጁን ገደለ። ጠበቆቹ በዘመዶቹ መካከል ለትውልዶች የዘለቀ ጠበኝነት አለ ብለው ጂኑ እንዲመረመር ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም። በ2005 በሞት ተቀጣ።

ታዲያ ዘር ብቻ ነው? በኒውዚላንድ፣ ደኒዲን ከተማ፣ ተመራማሪዎች 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ ተከታተሉ። በ2002 ያወጡትን ስሙ። ኤምኤኦኤ የሚባል በአንጎል ሥራ ላይ ድርሻ ያለው ጂን አለ፤ በአንዳንድ ሰው ሥራው ደካማ ነው። ይህ ደካማ ጂን ኖሯቸው በልጅነታቸውም የተበደሉት ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጥቃት ወንጀል ከተላለፉት ፍርዶች ግን 44 በመቶው የእነርሱ ሆነ። ያንኑ ጂን ይዘው ሳይበደሉ ያደጉት ከሌላው የባሱ አልነበሩም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ እኩል አልደገፉትም፤ ከተበደሉትም ብዙዎቹ ማንንም አልጎዱም። ስለዚህ ጂን ዕጣ ፈንታ አይደለም። ቤታችን ግን ብዙ ይወስናል።

ወገኖቼ፣ በርበሬ የታጠንን፣ በአለንጋ የተገረፍን ብዙ ነን። «ታዲያ ምን ሆንን?» እንላለን። ምን እንደሆንን ሚስቶቻችንን እንጠይቅ! እዚህ አገር መጥተን 911 ፈርተን እጃችንን ሰበሰብን፤ አንደበታችንንስ? እኔ ራሴ አንድ ማታ ስጮህ ልጄ ትከሻውን ሲሰበስብ አየሁ። አባቴ ፊት እኔ የምሰበስበው ትከሻ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

አሁን ወደ ሌዊ እንመለስ። ሙሴ የማን ዘር ነው? የሌዊ! ግብፃዊውን ገድሎ በአሸዋ ደበቀው። ያው የአያቱ ቁጣ ነው። ዘኍልቍ 12፥3 ላይ ግን በምድር ካሉት ሁሉ ትሑት ሆኖ እናገኘዋለን። ሃሌሉያ! እግዚአብሔር የሌዊን ልጅ ለወጠው። ደግሞም ምዕራፍ 20 ላይ ተቆጥቶ ዓለቱን መታ፤ ዋጋም ከፈለበት። ስለዚህ «ተለውጫለሁ» ያልክ ወንድሜ፣ ዛሬም ንቃ። «ዘሬ ነው» ብለህም አታመካኝ። 1ኛ ጴጥሮስ 1፥18-19 ከአባቶቻችን ከወረስነው ከንቱ ኑሮ በክርስቶስ ደም እንደተዋጀን ይነግረናል። አሜን?

ዛሬ ቤት ስትገባ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠህ ይቅርታ ጠይቀው። ቁጣህ ከአቅምህ በላይ ከሆነ ወደ ሽማግሌዎች ና፣ ወደ ባለሙያም ሂድ፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም። እኅቴ፣ ቤትሽ ውስጥ ዱላ ካለ «ቻይውና ጸልዪ» ብለን አንሸኝሽም፤ ንገሪን፣ አስቀድመን አንቺንና ልጆቹን ከአደጋ እናወጣለን።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ የአባቶቻችን ቁጣ በእኛ ይብቃ። ልጆቻችን ድምፃችንን ሲሰሙ አይደንግጡ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።